የጋሽ ቡሽ ጣቶች

በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። በሆስፒታሉ የልብ ምርመራ ክፍል ውስጥ ቡሽ ነው፤ በዕድሜ የሚያንሱት "ጋሽ ቡሽ" ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ነርሶች ናቸው። ሲያወጡለት ሊያሞግሱት ነበር፣ እሱም እንደ ሙገሳ ተቀበለው። እኔ ግን ያንን ስም በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰውን በዕቃ ስም የሚጠራ መሥሪያ ቤት ሰውየውንም እንደ ዕቃ ነው የሚይዘው፤ እስኪያልቅ ይጠቀምበታል፣ እያለቀ መሆኑን ግን ጎንበስ ብሎ አያይም።

ሥራውን ላስረዳ። ልቡን የታመመ ሰው እዚህ ክፍል ሲመጣ ደረቱ አይከፈትም። ሐኪሙ በእጁ አንጓ ወይም በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባና በደም ሥሩ ውስጥ ለውስጥ እየገፋ እስከ ልብ ድረስ ይወስደዋል። ከዚያ በቱቦው በኩል በሽተኞች "ቀለም" የሚሉትን መድኃኒት ይረጫል። ደም ሥር በራጅ ብቻውን አይታይም፤ ቀለሙ ሲገባበት ነው ስክሪኑ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ጠቁሮ ብቅ የሚለው። በሽተኛው ያኔ ገላውን ሙቀት ይወርረዋል፤ "ሽንቴ አመለጠኝ መሰለኝ" ብሎ የሚያፍር ብዙ ነው። አላመለጠውም፤ ቀለሙ ነው። የጠበበው ቦታ ከታየ በኋላ ትንሽ ፊኛ ይነፋበታል፣ ስቴንት የሚሏት የሽቦ መረብ ትቀመጥበታለች፣ ደም መንገዱን ያገኛል። ሐኪሙ ጓንቱን ያወልቃል፣ ቤተሰብ ይመርቀዋል።

ቀዳዳውስ? ይህን የሚጠይቅ የለም። ቱቦው በብሽሽት ከገባ የጭኑ ትልቅ ደም ሥር ተበስቷል፤ በሽተኛው ደግሞ ደም ማቅጠኛ ተወግቶ ደሙ መርጋት እምቢ ብሏል። ቀዳዳውን የሚደፍን መሣሪያ በዓለም ላይ አለ። እዚህ ቤት ግን ያለው ቡሽ ነው።

ቱቦውን ይነቅልና በቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ከቀዳዳው ከፍ ብሎ ይጫናል። እንደ ማንኛውም ሰው በጉልበት አይጫንም። ትርታውን በጣቱ ጫፍ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ሳያፍነው ሳይለቀው ይይዘዋል። ከበዛ እግሩ ደም ያጣል፤ ካነሰ ደሙ ይሾልካል። ክፋቱ ደሙ ሁልጊዜ ወደ ውጭ አለመሾለኩ ነው። አንዳንዴ ቆዳው ደርቆ፣ አንሶላው ነጭ እንደሆነ፣ ወደ ውስጥ ወደ ሆድ ጀርባ ይፈስሳል። ያኔ ማንም ምንም አያይም። በሽተኛው ወገቤን ይላል፣ ላቡ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ያዛጋል። ቡሽ ለአዳዲስ ነርሶች የሚላት ነገር ነበረች፦ "ሲያዛጋ ካያችሁት እንቅልፉ መጣ እንዳትሉ። ሰውየው እየጎደለ ነው።"

ወደዚህ ሥራ የገባው በአጋጣሚ ነው። በሽተኛ በስትሬቸር የሚገፋ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን የሐኪሙ እጅ ዛለና "ና እስቲ እዚህ ጋ ያዝልኝ" ተባለ። ያዘ። ቀዳዳው እስኪደርቅ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ እሱ የሚነቀል ቱቦ የለም ማለት ይቻላል። ለዚያው ብሎ ጥፍሩን አሳጥሮ ይቆርጣል፣ ክረምት ሲሆን በሽተኛ እንዳይደነግጥ እጁን በሞቀ ውኃ ያሞቃል፣ ሲይዝ ደግሞ ያጫውታል።

"አይዞህ ወንድሜ፤ ካልፈታሁህ አትነሣም፣ ካልተነሣህም አልሄድም። ተጋብተናል" ይላል።

"ወየው ጉዴ! ሚስቴ ብትሰማስ?"

"የኔዋ ለምዳዋለች፤ የአንተን እኔ አስረዳታለሁ።"

ዋናው ሐኪም እንግዳ ባስጎበኘ ቁጥር የቡሽን ትከሻ ቸብ እያደረገ "እሱ እያለ መሣሪያ ለምን ያስፈልገናል?" ይላል። እንግዳው ይስቃል፣ ቡሽ አንገቱን ደፋ አድርጎ ይኮራል። እዚህ ላይ ነው የምጮኸው! በሙገሳ የማይሸፈን ጉድለት የለም። መሣሪያ አይገዛም፣ ሁለተኛ ሰው አይሰለጥንም፣ አንድ ሰው ዓመት ከዓመት በሦስት ጣቱ የሰውን ሁሉ ደም ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሉ የሚከፈለው አንዲት የትከሻ ቸብታ ናት። የእጅ አንጓ ደግሞ ሥጋና ጅማት ነው። ሲጫኑት ሲጫኑት ውስጡ ያለው ነርቭ ይታፈናል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ እኔ አንብቤ የደረስኩበትን እነሱ ተምረውታል።

መጀመሪያ ያስቸገረው የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ቀጥሎ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ ለይቶ ማውጣት አቃተው፤ ሳንቲሙና የበሩ ቁልፍ በጣቱ አንድ ሆኑበት። ለማንም አልተናገረም። ያወቀችው ሚስቱ ናት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተዋወቁትም የሆስፒታሉን አንሶላ ስትጠግን ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ እሱ ድስቱን ከምድጃው ላይ በባዶ እጁ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወሬውን ቀጠለ።

"አንተ ሰውዬ!" አለች።

"ምነው?"

"ድስቱ እሳት ነው እኮ!"

እጁን አየው። የጣቶቹ ጫፍ ቀልቷል። "የኔ ቆዳ ወፍራም ነው፤ እንዳንቺ ጨርቅ ስዳብስ አልኖርኩም" ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ና እዚህ ተቀመጥ። ዓይንህን ጨፍን።"

"ምን ልትሰጪኝ ነው?"

"ጨፍን አልኩህ።"

ጨፈነ። ቀኝ እጁን ወስዳ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ጥቂት ጠበቀና፣

"በይ እንግዲህ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?" አለ።

ዓይኑን ሲገልጥ መርፌዋ በእጇ ናት። በሦስቱም ጣቶቹ ጫፍ ላይ ቀይ የደም ጠብታ ቁጭ ብሏል።

"ጨርሻለሁ" አለችው።

ጣቶቹን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። "ደንዝዞኝ ነው" አለ። "ሥራ በዝቶብኝ ነው። ያልፋል።"

"በነዚህ ጣቶች ነው ሰው የምትይዘው?"

"በዓይኔም እይዛለሁ።"

"ደም በዓይን ይያዛል?"

ውሸት አልነበረም። ጣቱ የነፈገውን በዓይኑ ይፈልግ ጀምሯል። የእግር ጣቶችን ቀለም ያያል፣ የጭኑን ቆዳ ያያል፣ የበሽተኛውን ከንፈር ያያል። ግን ዓይን የሚያየው ደሙ ከሾለከ በኋላ ነው። እሱም ያውቃል፣ እሷም ገባት።

"ንገራቸው" አለችው።

"ነግሬ ምን ልሆን? በር ልጠብቅ?"

"ብትጠብቅስ? በር ደም አይፈስሰውም።"

አንድ ጊዜ ሊናገር ሞክሯል፤ ይህን ልመስክርለት። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቆ "ዶክተር፣ እጄ ትንሽ እየደከመ..." ከማለቱ ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ። "ጋሽ ቡሽ! አንተ ከደከምክማ እኛ ክፍሉን እንዝጋ!" ብሎ ትከሻውን ቸብ አደረገና አለፈ። ቡሽ የቀረውን ቃል ዋጠው። ሐኪሙ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ፣ "እስቲ አሳየኝ" ቢል፣ ይህ ታሪክ እዚያው ኮሪደር ላይ ባለቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው በሽተኛ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ቀልደኛ ሽማግሌ። ቡሽ ያዘው፣ አጫወተው፣ አሰረው፣ ለቀቀው። በማግስቱ የሹፌሩ ጭን ከብሽሽቱ እስከ ጉልበቱ እንደ በሰለ ወይን ጠቁሮና አብጦ ተገኘ። ቀዶ ጥገና ገባ፤ ተረፈ፣ እግሩን ግን ይጎትታል። "ደም ማቅጠኛው በዝቶበት ነው" ተባለ፣ ሁሉም ተስማማ። ከርሞ ለክትትል ሲመጣ ቡሽን ኮሪደር ላይ አገኘውና እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። "አንተ ባትኖር እኮ አልቄ ነበር፤ እግዜር ይስጥህ!" አለው። ቡሽ ያንን ምርቃት ቆሞ ተቀበለ። ማታ ምግብ አልበላም። ጠዋት ግን ሥራ ገባ። ገባ! የማዝንለትን ያህል የምቆጣውም ስለዚህ ነው። ከሹፌሩ ቀን ወዲህ አላውቅም ነበር ማለት አይችልም።

ከዚያ ተራው የራሱ ቤት ሆነ።

ሚስቱ ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ይጨምቃት ጀመር። "ድካም ነው" ብላ ደብቃው ነበር፤ በመደበቅ ሁለቱም አንድ ናቸው። የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ ሲያቅታት ወደ ሐኪሙ ወሰዳት። ምርመራው ታዘዘ። የሄዱ ዕለት ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣

"አንድ ነገር ቃል ግባልኝ" አለችው። "የኔን ደም ሲስተር ትያዘው።"

ሲስተር ማለት የክፍሉ ነርስ ናት፤ አያያዙን ራሱ ቡሽ ያስተማራት ብርቱ ሴት።

"እሺ" አለ።

"በአፍህ በለው።"

"አልኩሽ እኮ! ሲስተር ትይዝሻለች።"

የእጇ አንጓ ደም ሥር ቀጥኖ ቱቦውን አላስገባ አለ፤ በብሽሽቷ ገቡ። ቡሽ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ ስክሪኑን አየ። የሚስቱ ልብ ቅርንጫፎች ጠቁረው ታዩት፤ አንደኛው መሐል ላይ እንደ ክር ቀጥኗል። ፊኛው ተነፋ፣ ስቴንቱ ተቀመጠ፣ ክሩ ወፈረ። ሐኪሙ ለማረጋገጥ የመጨረሻውን ቀለም ረጨ። ሁሉም ሰው ትንፋሹን ሲለቅ እሷ አስነጠሰች።

አንድ ጊዜ፣ ደግማ፣ ደጋግማ። አንገቷን ማከክ ጀመረች። ከንፈሯ ሲያብጥ ቡሽ በመስታወቱ አየ። "ጉሮሮዬን..." አለች፣ ድምፅዋ ሻከረ፣ ከዚያ ትንፋሽ ስትስብ የሚያፏጭ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቀለሙ አልተስማማትም።

"አድሬናሊን!" ሐኪሙ ጮኸ። ሲስተር ጭኗ ላይ ወጋች። ኦክስጅን ተደረገላት፣ የደም ግፊቷ ወርዶ ወርዶ የማይመለስ መሰለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወጣ። ፉጨቱ ቀነሰ። ሐኪሙ ከራጅ የሚከላከልለትን የእርሳስ ልብስ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "ይህቺን ሴት ዳግመኛ ቀለም እንዳታስነኳት" አለ። "ሁለተኛው ይብሳል።"

ከሰዓት በኋላ ማገገሚያ ክፍል ተኛች። ቱቦው ብሽሽቷ ውስጥ እንዳለ ነው፤ የሚነቀልበት ሰዓት ደረሰ። ሲስተር ጓንት አጠለቀች። ቡሽ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሐኪሙ ገባና ሳቀ።

"ምን ነካችሁ? ለገዛ ሚስቱ ከሱ የተሻለ ማን ሊገኝ! ሲስተር፣ ተነሺለት።"

"እውነት ነው፤ እኔስ ምን አስቸኮለኝ?" አለች ሲስተር። ጓንቷን እያወለቀች "ዛሬስ የምትይዘው የእውነት ሚስትህን ነው፣ ጋሼ!" ብላ ቀለደች። ሌሎቹ ሳቁ።

ሚስቱ አየችው። አየችው ብቻ። ያኔ "ሲስተር ትያዘኝ" ብትል ያበቃ ነበር። ግን ለምን ብለው ይጠይቃሉ። የባሏን ገመና በሰው ፊት ማውጣት አልቻለችም፤ ሸፈነችለት። እሱም እንድትሸፍንለት ተዋት። ጓንት አጠለቀ።

ቱቦውን ነቀለ። ሦስቱን ጣቶች ሰደደ። ምንም የለም። የሚስቱ ትርታ ከጣቱ ሥር አለ፤ ለጣቱ ግን ጨርቅ ነው፣ ግድግዳ ነው። ከልምድ ቦታውን ገመተና ተጫነ።

ሐኪሙ ወጣ። ሲስተር ወደ ሌላው አልጋ ዞረች።

"አገኘኸው?" አለችው ሚስቱ በሹክሹክታ።

"አዎ።"

ውሸቱን ለማወቅ መርፌ አላስፈለጋትም። ፊቷን ወደ ጣሪያው መለሰች።

ቀዳዳው ደረቅ ነው። አንሶላው ነጭ ነው። ቡሽ ደረቅነቱን አይቶ ልቡ መለስ አለ። "አሁን ቤት ስንገባ ደረጃውን ተሸክሜሽ ነው የምወጣው" አላት።

"ወገብህን ጠብቅ" አለች። የራሷ ወገብ እያመማት ነበር፤ አልተናገረችም። እግሯን ቀስ ብላ ልታጥፍ ስትል "አትንቀሳቀሺ" አላት። ተወችው። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላብ አበራ። ክፍሉ ሞቋል ብሎ አሰበ፤ ማሰብ የፈለገው እሱን ነውና።

ከዚያ አዛጋች።

"ደከመሽ?" ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ጩኸት ነው።

"ሲስተር! ነይ ያዢ! አይሰማኝም! ጣቴ አይሰማኝም!"

ሲስተር ሮጣ መጣች። እጁን በእጇ ገፍታ ገባች፣ ትርታውን ፈልጋ ከእሱ ጣቶች በላይ አገኘችውና በሙሉ ክብደቷ ተጫነች። "ከሥር ነው የያዝከው! ጋሼ፣ ከቀዳዳው ሥር ነው የያዝከው!" ሆዷን ነካችው፤ በአንድ በኩል ጠጥሯል። ሐኪሙ ደረሰ። ግፊቷ እየወረደ ነው።

"ደም አምጡ! ወደ ውስጥ ፈስሷል። የት እንደሚሾልክ... መልሳችሁ ምርመራ ክፍሉ አስገቧት፣ በሌላው እግሯ ገብተን ቀለም ረጭተን እንይ!"

"ዶክተር!" አለች ሲስተር ቀና ሳትል። "ቀለም? ለሷ?"

ሐኪሙ ወደ ምርመራ ክፍሉ ዞረ። ማሽኑ ከበሩ ማዶ ቆሟል፣ ስክሪኑ በርቷል፣ የሚያሳየውን ቀለም ግን መርጨት አይቻልም። ደሙ የሚሾልክበትን የሚያሳየው መድኃኒት ጠዋት ትንፋሽ ያሳጣት ያው ቀለም ነው። ሞኝነት የምለው ይህን ነው፤ አንድ የደነዘዘ ጣት ያን ሁሉ ማሽን ዕውር አደረገው።

"ቀዶ ሐኪሙን ጥሩ" አለ በመጨረሻ። "ከፍተን እንሰፋዋለን።"

ሲስተር ጣቶቿን ሳታነሣ ከአልጋው ጎን እየሮጠች እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል ድረስ ሄደች። ቡሽ ኮሪደር ላይ ቀረ። ማንም አላነጋገረውም። እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ ያያቸዋል፣ ያጥፋቸዋል፣ ይዘረጋቸዋል።

ተረፈች። ብሽሽቷ ላይ ረጅም ስፌት አለ፤ "ሰፊው ክሩን ጎትቶታል፣ እኔ ብሆን እንዲህ አላበላሸውም" ብላ ትስቅበታለች።

ሐኪሙ ያኑ ዕለት ጠርቶት "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለው። ቡሽ ነገረው። ሹፌሩንም ነገረው። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ክፍሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው በልቡ የትኛው በሽተኛ፣ የትኛው ያበጠ ጭን እያለ ያስሳል። ሐኪሙ ተቆጣ፤ "እንዴት አትነግረኝም!" ብሎ ጠረጴዛ መታ። ቡሽ "ነግሬዎት ነበር፣ ስቀውብኛል" ማለት ይችል ነበር። አላለም። እኔ ልበለው፦ ነግሮህ ነበር ዶክተር፣ ስቀህበታል።

ሹፌሩን ቤቱ ድረስ ሄዶ አገኘው። ስለዚያ ብዙ አይናገርም። "ደጋግሞ እጄን ያይ ነበር" ብሏል፤ ከዚያ ውጭ ምንም።

መሣሪያው ተገዛ ብለህ እንዳትጠብቅ። ቡሽ ወደ ድሮ ሥራው፣ ወደ ስትሬቸሩ ተመለሰ። የእጅ አንጓህ ላይ ቀዶ ጥገና ይደረግልሃል ተብሎ ተራ ይጠብቃል። ቀዳዳ የምትይዘው ሲስተር ሆነች፤ ሐኪሙም እንግዳ ሲመጣ "እሷ እያለች ምን እንሆናለን!" ማለት ጀምሯል።

ያለፈው ሳምንት በሽተኛ እየገፋ ማገገሚያ ክፍል ገባ። ሲስተር አንድ ሰውዬ ይዛለች። ቱቦ ከነቀለች ቆይታለች፣ ከሱ በፊት ሌላ፣ ከሌላው በፊት ሌላ ይዛ ነበር። ሐኪሙ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ቡሽ ስትሬቸሩን አቆመ፣ ሊወጣ ሲል ግን ዓይኑ እጇ ላይ ቀረ። ፋሻውን አስራ እንደጨረሰች ቀኝ እጇን ከአልጋው ጠርዝ በታች ዝቅ አድርጋ ታራግፋለች። ውኃ የነካው እጅ እንደሚራገፍ፣ ግን ደረቅ ነው።

አልወጣም። "ሲስተር፣ እጅሽን ምን ሆንሽ?" አለ፣ ሐኪሙ እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

"ምንም አይደል ጋሼ" አለች እየሳቀች። "ደንዝዞኝ ነው።"

ሐኪሙም "ጋሽ ቡሽ፣ በሥራዋ ቀናህባት እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ቡሽ አልሳቀም። ሚስቱ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ኮሌታው ሥር የሰካችለትን መርፌ በግራ እጁ ነቀለ። ወንበር ስቦ ከሲስተር ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ እጇን ወስዶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

"ዶክተር፣ እርስዎም ጠጋ ይበሉ" አለ። "ሲስተር፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።"